ጠይቁን፦ «ግማሹ አፈር የሰው አመድ ነው» የተባለላት ደሴት

በዚህ ወር የደረሱን መልዕክቶች ብዙዎቹ ባንድ ነገር ላይ ተረባርበዋል። ጣሊያን አገር ስላለች ሰው የማይኖርባት ደሴት የሚያወራ የቲክቶክ ቪዲዮ ባሕር ዳርን አዳርሷል መሰለኝ፣ ከሽምብጥም ከዘጌም ከደብረ ታቦርም ጥያቄ መጥቷል። ስለዚ የዛሬውን ገጽ ለሷ ሰጥተናል፣ ስለ እምቦጭና ስለ ውሃ ቆጣሪ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ወር ታገሱን። የውጭ አገሩ ታሪክ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም ብዬ እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጠይቁኖች። ሽምብጥ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ፖቬሊያ ስለምትባል ደሴት ቪዲዮ አይቶ ቤቱን አስጨንቆታል። ቬኒስ አጠገብ ናት፣ ድሮ ወረርሽኝ የያዘውን ሰው እየወሰዱ እዛ ይጥሉት ነበር፣ 160,000 ሰው አልቆባታል፣ ግማሹ አፈር የሰው አመድ ነው፣ በኋላ ደሞ የአእምሮ ሆስፒታል ሆና አንድ ዶክተር በሽተኞቹን ሲያሰቃይ ኖሮ ራሱም አብዶ ከደወል ማማው ወድቆ ሞተ ምናምን ይላል። እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ነገር ነው? ማታ ማታ በመስኮት ወደ ጣና እያየ «እኛም ጋ አለ እኮ» እያለ እናታችንን ያስፈራራታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ደሴቷ አለች፣ ሰው አይኖርባትም፣ ኳራንቲንም ነበረች። እስከዚ ድረስ ቪዲዮው አልዋሸም። ቁጥሩ ላይ ግን ወንድምሽን ቁጭ አድርጊና ሒሳብ አሠሪው። ከ1500 ወዲህ ቬኒስን ከመቷት ቸነፈሮች የከፉት ሁለቱ ናቸው። የ1575–77ቱ ወደ 50,000 ሰው ፈጀ፣ የ1630–31ዱ ደሞ ከ140,000 ገደማ ነዋሪ 46,000 ያህሉን ወሰደ። ሁለቱን ደምሪያቸው፣ 100,000 እንኳን አይሞላም፣ ያውም ይሄ ቤቱ የሞተውም ሆስፒታል የሞተውም የከተማው ሰው በሙሉ ተደምሮ ነው። በዛ ላይ በሁለቱም ጊዜ ፖቬሊያ ኳራንቲን አልነበረችም፣ ወና መሬት ነበረች። በሽተኛ ማቆያ የሆነችው ከ1630ው እልቂት ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ታዲያ 160,000ው ሰው መቼ መጥቶ መቼ ሞተ?

የደሴቷ የራሷ ታሪክ እኮ ከዚ ተረት የበለጠ ደስ ይላል። ስፋቷ ከ7 ሄክታር ብዙም አይበልጥም፣ ከቬኒስ በስተደቡብ ሊዶ የሚባለው ረጅም ደሴት ጥግ ነው ያለችው። በመካከለኛው ዘመን ሰው ጢም ብሎባት ይኖር ነበር፣ ቤተክርስቲያንም ነበራት፣ ቅዱስ ቪታሌ ይባላል። በ1379 ቬኒስ ከጄኖዋ ጋር ስትዋጋ ጦርነቱ እዛው ቬኒስን የከበባት ውሃ ውስጥ ስለገባ ነዋሪዎቹ ተነስተው ጁዴካ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወሩ፣ በዛው ቀሩ። በ1527 መንግሥት ደሴቷን ለመነኮሳት ልስጣችሁ ብሎ ጠየቀ፣ አንፈልግም አሉ። (የጣና መነኮሳት ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን።) በ1661 ደሞ የድሮዎቹን ነዋሪዎች የልጅ ልጆች ተመልሳችሁ ሥሯት ሲላቸው እነሱም እምቢ አሉ። እንግዲህ ልብ በይ፣ ያኔ ገና አንድም በሽተኛ አልገባባትም፣ ሰው ደሴቷን እምቢ ያለው መናፍስት ፈርቶ ሳይሆን ሕይወቱን ሌላ ቦታ ስለመሠረተ ነው።

በ1776 የከተማዋ የጤና ቢሮ ተረከባትና ወደ ቬኒስ የሚገባና የሚወጣ መርከብ የሚፈተሽባት ኬላ ሆነች። በ1793 ሁለት መርከቦች ቸነፈር ይዘው ደረሱ፣ የዛን ጊዜ ነው ደሴቷ የበሽተኛ ማቆያ የሆነችው። ከዛ ዘመን የቀረ አንድ ድንጋይ አለ፣ በላቲን ተጽፎበታል፣ ሐሳቡ ባጭሩ «አትቆፍር፣ በተላላፊ በሽታ የሞቱ እዚ አርፈዋል» ነው፣ ከሥሩ 1793 የሚል ዓመት አለበት። አለቀ። እልቂትም አመድም አይልም፣ የሚመጣው ሰው አካፋውን እንዳያነሳ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1805 በናፖሊዮን አስተዳደር ቋሚ ኳራንቲን ተደረገች፣ ቤተክርስቲያኗ ፈረሰችና የደወል ማማው ብቻ ለመርከብ መብራት ቀረ፣ በ1814 ሥራው ተዘጋ። ከ1793 እስከ 1814፣ በቃ ይሄው ነው ጠቅላላ ዕድሜው።

ወንድምሽ የግድ አጥንት ካልሰማሁ ካለ ትክክለኛው አድራሻ ላዛሬቶ ቬኪዮ የምትባል ሌላ ደሴት ናት፣ ያችውም ቬኒስ ነው ያለችው። በ1423 ነው የተከፈተችው፣ መንግሥት ለቸነፈር ብሎ ካቆማቸው ቋሚ ሆስፒታሎች የመጀመሪያዋ ነች፣ በቅርብ ዘመን በተደረገ ቁፋሮ ከ1,500 በላይ አጽም ወጥቶባታል። ቲክቶክ የሷን ታሪክ ወስዶ ለፖቬሊያ ለበጠላት፣ ምክንያቱም ፖቬሊያ የፈረሰ ሕንፃ፣ ማማና ጫካ ስላላት ካሜራ ላይ ታምራለች።

ከበሽተኞቹ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሦስተኛዋ ናት፣ ላዛሬቶ ኑኦቮ። በ1468 የተቋቋመችው ላልታመመ ሰው ነው፣ ማለትም ከምሥራቅ የመጣ ነጋዴ፣ መርከበኛና ዕቃ ንጹሕ መሆኑ እስኪታወቅ የሚጠብቅባት። ወደ 100 የሚጠጉ ክፍሎች ነበሯት፣ ጭስ መውጫቸው ብዙ ከመሆኑ የተነሳ ከሩቅ ሲያዩዋት ቤተመንግሥት ትመስል ነበር ይባላል። መሀሏ ላይ ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም መጋዘን አለ፣ እስካሁን ቆሟል። ጨርቁ፣ ሱፉ፣ ቆዳው ሁሉ እዛ ተዘርግቶ ይናፈሳል፣ በጽድና በሌላ ቅጠል ጭስ ይታጠናል፣ እርጥበት የማይጎዳው ደሞ በጨው ውሃ ወይ በኮምጣጤ ይታጠባል። ደብዳቤ እንኳ ሳይቀር ይታጠን ነበር። ለኛ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም፣ ኅዳር 12 ጠዋት የሰፈሩን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው በ1911 ዓ.ም ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ ነው፣ ጭስ በሽታን ያባርራል የሚለው እምነት ቬኒስም አዲስ አበባም አንድ ነበር። ጭሱ ተውሳኩን ባይገድልም አይጥና ቁንጫ አይወደውም፣ ቸነፈርን የሚያስተላልፈው ደሞ ቁንጫ ነው፣ ስለዚ ምክንያቱን ሳያውቁት ትንሽ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። የቸነፈሩ ባክቴሪያ የታወቀው በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ ነው እኮ፣ ኑኦቮ ከተከፈተች ከ400 ዓመት በኋላ!

የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ደሞ ጥበቃው የሰለቻቸው ሰዎች የጻፉት ጽሑፍ አለ። ነጋዴዎቹ፣ ዘበኞቹ፣ ተሸካሚዎቹ የዕቃ ጥቅል ምልክት በሚያደርጉበት ቀይ ቀለም ስማቸውን፣ የመጡበትን አገር፣ ቆንስጣንጢኖጵልን፣ ቆጵሮስን፣ የመርከባቸውን ስዕል እየሳሉ ሄደዋል። የታክሲ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው አጠገቡ ያለውን ግድግዳ እንደሚፈቀፍቀው በያቸው። ይሄን አይቼ ነው ኳራንቲን ደሴት ሲባል መናፍስት የማይመጣብኝ፣ አብዛኛው ሰው ገብቶ፣ ተሰላችቶ፣ ወጥቶ ነው የሄደው።

ዶክተሩን ረሳሁት። ከ1922 ጀምሮ ፖቬሊያ ላይ የነበሩት ሕንፃዎች ለአረጋውያንና ለረጅም ጊዜ ታካሚዎች ማረፊያ ሆነው አገልግለዋል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ነበረው፣ በ1968 ተዘጋ። ካበደ በኋላ ከማማ ወድቆ ሞተ የሚባለው ሐኪም ግን ቪዲዮዎቹ ስሙን አይጠሩትም፣ ዓመቱን አይነግሩንም፣ አንዱ ወደቀ ይላል፣ ሌላው ተገፋ ይላል፣ ሦስተኛው መውደቁ ሳይገድለው ጭጋግ ነው ያነቀው ይላል። ጭጋግ ሰው አንቆ ሲገድል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ተረቱን ዓለም ያወቀው በአሜሪካ የመናፍስት አዳኝ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ነው። ወንድምሽን በዚ ዙሪያ አትቆጪው፣ ሒሳቡን ብቻ አሠሪው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ በጀልባ ሰው አመላልሳለሁ። ያቺ ቪዲዮ ከወጣች ወዲህ እንግዳ ሁሉ ክብራንን እያሳየ «ይቺ ድሮ የበሽተኛ ደሴት ነበረች እንዴ?» ይለኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተቃራኒውን ንገራቸው። የጣና ደሴቶች የተሸሹ ሳይሆን የተሸሸባቸው ናቸው። ቬኒስ የሚፈራውን ነገር ወደ ደሴት ትልክ ነበር፣ የኛ ሰዎች ደሞ የሚሳሱለትን። በግራኝ ዘመን ከየአገሩ መጽሐፉ፣ መስቀሉ፣ ንዋዩ በታንኳ ተጭኖ የገባው ወደነዚ ደሴቶች ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ። ጣና ቂርቆስ ላይ በገዳሙ ትውፊት ጽላተ ሙሴ ለዘመናት ተቀምጣለች። ክብራን ገብርኤል ወንድ ብቻ የሚገባበት ገዳም ነው፣ አጠገቡ ያለችው እንጦስ ደሞ ቀድሞ የሴቶች ገዳም የነበረባት ናት፣ ስለዚ እንግዳህ «እዚ ሰው ተለይቶ ይቀመጥ ነበር?» ካለህ አዎ በለው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ለጸሎት፣ እስከ ዕድሜው ልክ።

በሽታ ጣናን አልነካም ማለቴ ግን አይደለም። አንተ እንግዳ የምታወርድበት ዘጌ በ1858 ዓ.ም (በፈረንጅ 1866) የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ሰፈር ነበር። ንጉሡ የእንግሊዝ መልዕክተኞቹን ራሳምን፣ ዶክተር ብላንክንና ፕሪዶን የያዟቸው በዛው ዓመት እዛው ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደሞ በሰኔ ሰፈሩ ውስጥ ኮሌራ መግባቱን ነው፣ ተስቦም ተጨመረበት። እስቲ አስበው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ከነሚስቱ ከነልጁ ከነከብቱ ባንዲት ልሳነ ምድር ላይ ሰፍሮ፣ ዝናብ ገብቶ፣ የሚጠጣውም የሚታጠበውም ከዛው ሐይቅ ነው። ኮሌራ ከዚ የተመቸ ቦታ አያገኝም።

ንጉሡ ያደረጉት ሰፈሩን ነቅለው መሄድ ነው፣ ሐይቁን በደቡብ ዞረው ወደ ቆራጣ፣ ከዛ ወደ ደጋው ደብረ ታቦር። ሰዉ መንገድ ላይም እየወደቀ ነው የተጓዘው። አንዳንዶች ዛሬ ላይ ቁጭ ብለው ለምን በሽተኛውን ደሴት ላይ አላስቀመጡትም ይላሉ። ለኮሌራ አይሠራም ነበር። የቬኒስ ደሴት የሚሠራው በሽታው በመርከብ ስለሚመጣና መርከቡን ማስቆም ስለሚቻል ነው፣ ኮሌራ ግን በውሃ ነው የሚሄደው፣ በሽተኛውን ክብራን ላይ አስቀምጠህ ቆሻሻው ሐይቅ ውስጥ ከገባ ባሕር ዳር ላይ ትጠጣዋለህ። ለንደን ላይ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ኮሌራ በመጠጥ ውሃ እንደሚተላለፍ በአንድ ሰፈር የውሃ ፓምፕ ያሳየው በ1854 ነው፣ ዘጌ ከመመታቷ 12 ዓመት ብቻ ቀድሞ፣ ያኔ ፈረንጆቹ ሐኪሞች ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም ነበር። ወደ ደጋ መውጣቱ እንደውም ከሐይቁ ስለሚያርቅ ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይመስለኛል፣ ጥፋቱ በሽታውም አብሮ መጓዙ ነው።

ያ ኮሌራ በ1865 መካ ላይ በሐጅ ወቅት ፈንድቶ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ዓለምን ካዳረሰው ማዕበል ጋር የተያያዘ ነው። ዘጌ ላይ ሰው በሚያልቅበት በዛው በ1866 የአውሮፓ መንግሥታት ቆንስጣንጢኖጵል ላይ ተሰብስበው ቀይ ባሕርን እንዴት እንቆጣጠር እያሉ ይከራከሩ ነበር፣ ከዛ ክርክር በኋላ ነው ቱርኮች በ1882 የመን ፊት ለፊት ካማራን ደሴት ላይ ለሐጃጆች ትልቅ ኳራንቲን የከፈቱት። እና ኳራንቲን ደሴት ከኛ ሩቅ አይደለችም፣ ጣና ውስጥ ስለሌለች ነው የማናውቃት።

የጠበል ነገርም አለ፣ በጀልባህ ጠበልተኛ ስለምታመላልስ ነው የማነሳው። በ2015 ዓ.ም ክረምት ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ የገባው ኮሌራ ጠበልተኛው በሚሰበሰብበት ቦታ ነው የተነሳው። ጠበሉን ማንም አልከሰሰም፣ ችግሩ ብዙ ሰው ባንድ ቦታ፣ ሽንት ቤት የለም፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ የለም ነው። ጀልባህ ላይ የታሸገ ውሃ ወይ አፍልተህ ያቀዘቀዝከው ይኑርህ፣ «የጣና ውሃ ምን ይለናል» የሚሉህን አትስማ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ በ2012 ዓ.ም ከውጭ ስመለስ 14 ቀን አንድ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ተዘግቶብን ነበር፣ ምግቡ እንደነገሩ ነው፣ ክፍሉ ስድስት ሰው። ለኛ 14 ቀን ሆኖ ለነሱ 40 ቀን የሆነው ለምንድነው? እነሱንስ ማን ነበር የሚያበላቸው?

መልስ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ምግቡን መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፣ ቪዲዮዎቹ ይሄን አይጠይቁም። ቬኒስ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የላዛሬቶውን፣ ማለትም የማቆያ ደሴቱን፣ ወጪ የሚሸፍነው የጨው ገቢ ነበር፣ የጨው ቢሮ የሚባል ነበራቸው። ኃላፊ ተሹሞ እዛው ይኖራል፣ የበሩ ቁልፍ እሱ እጅ ነው፣ ምግብ ከከተማ በጀልባ ይመጣል። ድሃው በመንግሥት፣ ነጋዴው ለዕቃው ራሱ ይከፍላል። ይሄ በደህናው ጊዜ ነው። የ1576ቱ ጊዜ ግን በሺዎች ስለገቡ ደሴቶቹ ሞልተው መርከብና ጀልባ ዙሪያውን አስረው ሰው በዛ ላይ አደረ፣ እዛ ስድስት ሰው ላንድ ክፍል ቅንጦት ነበር።

ቀኑን በተመለከተ መጀመሪያ 40 አልነበረም። በ1377 ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ ማለት ነው፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያ 30 ቀን ከከተማው ውጪ ይቆይ ብላ ሕግ አወጣች፣ ያስቀመጡትም ከከተማዋ ወጣ ብለው ባሉ ሰው በማይኖርባቸው ጥቃቅን ደሴቶች ላይ ነው፣ ድንጋይ ብቻ። ከዛ ቬኒስና ሌሎቹ 40 አደረጉት። 40 ከሐኪም ምርመራ የመጣ ቁጥር አይደለም፣ የጾሙ 40፣ የጥፋት ውሃው 40 አለ፣ ክርስቲያን አገር ናት፣ እኛስ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ አይደል ክርስትና የምናነሳው። ቸነፈር የያዘው ሰው ግን በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ምልክት ያሳያል፣ ስለዚ 40ው ከበቂ በላይ ነበር፣ ለነጋዴው ኪሳራ ቢሆንም። የኮሮና 14 ደሞ ከቫይረሱ ባሕርይ ነው የተወሰደው፣ ብዙው ሰው በ5 እና 6 ቀን ምልክት ስለሚያሳይ፣ ዘግይቶ የሚያሳየውን ለመያዝ ወደ 14 ተገፋ። ያኔ መጋቢት መጨረሻ 2012 ዓ.ም ባሕር ዳር ራሷ 14 ቀን ተዘግታ አልነበር፣ እርስዎ ዶርም ውስጥ እኛ ቤታችን ውስጥ፣ ያው ነበርን።

ስለ ምግቡ ግን እውነትዎን ነው፣ ሰው ተገዶ ሲቀመጥ አስገዳጁ ሊያበላው ይገባል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ታቦር ነው። አሁን ፖቬሊያ ላይ ማን አለ? መሄድስ ይቻላል?

መልስ፦ ነዋሪ የለም። በ2014 የጣሊያን መንግሥት ደሴቷን ለ99 ዓመት ሊያከራያት ጨረታ አወጣ፣ አንድ ባለሀብት 513,000 ዩሮ አቀረበ፣ አነሰ ተብሎ ተሰረዘ። የቬኒስ ሰዎች ደሞ ለሀብታም ሆቴል ከምትሆን ብለው ማኅበር አቋቁመው 99 99 ዩሮ እያዋጡ ነበር። ማኅበሩ ቆይቶ በ2025 የደሴቷን ሰሜናዊ ክፍል ለ6 ዓመት ተከራይቷል፣ ሐሳባቸው ለከተማው ሰው የሚሆን መናፈሻ ማድረግ ነው። መደበኛ ጀልባ የላትም፣ ሕንፃዎቹም የሚፈርሱ ስለሆኑ ዝም ብሎ አይገባም። ቬኒስ ከደረስክ ላዛሬቶ ኑኦቮ ብትሄድ ይሻልሃል፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ቅዳሜና እሁድ አስጎብኚ አለ፣ በ13 ቁጥር የከተማ ጀልባ ነው የሚኬደው፣ ወራጅ እንዳለ ለጀልባው ሰው አስቀድመህ ንገረው፣ ካልነገርከው ሳይቆም ያልፋታል።